ኬሞ አይቸኩልም? ቀኑን ማን እንደበላው እንይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንቺ እዚያ ቤት ነሽና እስኪ አንብቢው» አለችኝ። «እዚያ ቤት» ያለችው ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድለው መድኃኒት) የሚሰጥበትን ክፍል ነው። ሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ የካንሰር ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸው። ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። አሜሪካ ውስጥ ሂስፓኒክ የሚባሉትን፣ ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ ሴቶችን የሚይዘው ኃይለኛ የጡት ካንሰር በደም የመጣ ስለሆነ፣ ኬሞው ዛሬ ቢጀመር ወይም ወራት ቢቆይ ለውጥ የለውም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይጀመር የሚባለው ከአንድ የፔሩ ጥናት የመጣ ማስፈራሪያ ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው አራት ወር ይፈቅዳሉ። የዘገየች ካለች በፍርሃቷና በባህል መድኃኒቷ ነው። ደግሞም ዛሬ ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለሚሰጥ ክርክሩ አልፎበታል። መጨረሻ ላይ ለሐበሻ ሴቶችም ምክር አላቸው፦ ሰውነታችሁ እስኪጠገን አትቸኩሉ።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ሰው እንዳይደነግጥ ፈልገው ነው። አንዳንድ ቦታም ልክ ናቸው፤ ስደርስበት እናገራለሁ። ግን ይህን ጽሑፍ ያነበበች አንዲት ሴት ቀጠሮዋን ብታስተላልፍስ? ዝም ማለት አልቻልኩም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለየትኛው ካንሰር እንደምናወራ እንስማማ። ጸሐፊው «ኃይለኛ» ብለው አልፈውታል። የጡት ካንሰር ናሙና ላብራቶሪ ሲገባ ሦስት ነገር ይፈለግበታል፦ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፣ እና ሄር-ቱ የሚባል ፕሮቲን። ሦስቱም ሲጠፉ ትሪፕል ኔጌቲቭ ይባላል። ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 ከመቶ ገደማ ነው። ሆርሞን ተቀባይ ያለበት ካንሰር ለዓመታት የሚዋጥ ክኒን አለው። ሄር-ቱ ያለበትም የራሱ መድኃኒት አለው። ትሪፕል ኔጌቲቭ ሁለቱንም አያገኝም። ትልቁ ዱላችን ኬሞ ነው። ቶሎ ይከፋፈላል፣ ከተመለሰም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ታዲያ በክኒን የሚያዘውንና ይህንን አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ «ቀን ለውጥ የለውም» ማለት ከጅምሩ የተሳሳተ ነው።

አሁን ወደ ፔሩ። አንድ ጥናት መሆኑ እውነት ነው። ግን ምን እንደሚል ሳይነግሩን ነው የጣሉት። ሊማ ያለው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ውስጥ እነ ዶክተር ዛይዳ ሞራንቴ የ687 ሴቶችን መዝገብ አገላበጡ። ሁሉም ትሪፕል ኔጌቲቭ ናቸው። ሁሉም መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ ቀጥሎ ኬሞ የወሰዱ። ውጤቱን በ2018 ሳን አንቶኒዮ ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የጡት ካንሰር ጉባኤ አቀረቡት። በ30 ቀን ውስጥ ኬሞ ከጀመሩት ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 82 ከመቶ ናቸው። ከ31 እስከ 60 ቀን ባለው የጀመሩት 67 ከመቶ። ከ61 እስከ 90 ባለውም እንዲሁ 67። ከዚያ በላይ የቆዩት 65።

ቁጥሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ከ30 ቀን በኋላ አንዴ ዘጭ ይልና ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ 90 ቀን የቆየችው 45 ቀን ከቆየችው በደንብ ልትለይ ይገባ ነበር። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ «ጥሩ ጥያቄ ነው» እላቸው ነበር። አላነሱትም፣ እኔ ላንሳላቸው። ምናልባት ቶሎ የጀመሩት ሴቶች ድሮውንም ጠንከር ያሉ፣ ለሆስፒታል የሚቀርቡ፣ ቁስላቸው ቶሎ የዳነ ይሆኑ ይሆናል። መዝገብ አገላብጦ የሚሠራ ጥናት ይህን እስከ መጨረሻው ሊያጠራው አይችልም። ሴቶችን በዕጣ ከፍሎ «አንቺ በሚቀጥለው ሳምንት፣ አንቺ ከሦስት ወር በኋላ» ማለት ደግሞ ግፍ ነው፤ ማንም አያደርገውም። ስለዚህ 30ኛው ቀን የገደል አፋፍ አይደለም። በ33ኛው ቀን የጀመረች እህት ይህን አንብባ እንዳትደነግጥ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ግን አንድ መዝገብ ካላሳመነ ሌላ መዝገብ ይከፈታል። ሂውስተን ያለው ኤም ዲ አንደርሰን የተባለ የካንሰር ሆስፒታል የ6,827 ታማሚዎቹን መዝገብ አይቶ በ2014 አወጣ። ትሪፕል ኔጌቲቭ ሆነው ከ60 ቀን በኋላ የጀመሩት፣ በ30 ቀን ውስጥ ከጀመሩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ54 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የካሊፎርኒያ የካንሰር መዝገብ ደግሞ ከ2005 እስከ 2010 ካንሰር የተገኘባቸውን 24,843 ሴቶች ይዟል። እዚያ ከ90 ቀን ያለፉት የመሞት ዕድላቸው በ34 ከመቶ ጨመረ። ትሪፕል ኔጌቲቮቹን ለብቻ ሲያወጧቸው በ53 ከመቶ።

ጸሐፊው የካሊፎርኒያውን ጥናት ጠቅሰዋል፤ እስከ 90 ቀን ችግር የለም ይላል ብለው። ይላል፤ አልዋሹም። ግን ያ ሁሉንም የጡት ካንሰር ዓይነት አንድ ላይ አድርጎ ሲያይ ነው። ሊማ መስመሩን 30 ላይ ታሰምራለች፣ ሂውስተን 60 ላይ፣ ካሊፎርኒያ 90 ላይ። መስመሩ የት እንደሆነ መከራከር ይቻላል። አቅጣጫው ግን ሦስቱም ጋ አንድ ነው። ዘግይታ የተሻላት የለችም።

ከዚያው ከካሊፎርኒያው ጥናት ጸሐፊው የዘለሉት ገጽ ደግሞ አለ። ማን እንደሚዘገይ ይዘረዝራል። ድሃ የሆነች። የግል ኢንሹራንስ የሌላት። ጡቷን መልሶ የማሠራት ቀዶ ሕክምና ያደረገች። ጥቁር የሆነች። እና ሂስፓኒክ የሆነች። «ቀን ለውጥ የለውም» ለማለት የጠሩት ምስክር፣ ቀኑ ከማን እንደሚወሰድ በስም ጠርቶ የሚናገር ነው።

አራት ወሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። አሜሪካ ውስጥ የካንሰር ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ኮሚሽን፣ ሆርሞን ተቀባይ የሌለው ካንሰር ያለባቸው ከ70 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች ካንሰሩ ከተገኘ በ4 ወር ውስጥ ኬሞ እንዲታዘዝላቸው ወይም እንዲጀምሩ ይጠብቃል። ያ ሆስፒታሉ የሚፈተንበት የመጨረሻው ወለል ነው። ከዚያ ያለፈ ወድቋል ማለት ነው። ትምህርት ቤት 50 ማለፊያ ነው ስላለ ልጅሽን 50 ይበቃሻል አትያትም።

ወደ ደሙ ጉዳይ እንግባ። ይሄኛው ነው ያናደደኝ።

ሂስፓኒክ የሚባል አንድ ደም የለም። አንዷ የማያ ዝርያ ነች፣ አንዷ አያቷ ከስፔን የመጣ፣ አንዷ ከካሪቢያን ስትሆን ቅድመ አያቶቿ አፍሪካውያን ናቸው። ያገናኛቸው ቋንቋና የቆጠራ ቅጽ ነው። ትሪፕል ኔጌቲቭ በነሱ ላይ ከነጮቹ ይልቅ በርከት ማለቱ እውነት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ2014 እነ ላውራ ፌጀርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ከኤስትሮጅን ተቀባይ ጂን አጠገብ አንድ ለውጥ አገኙ። ምንጩ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው። አሜሪካ ካሉ ላቲና (ሂስፓኒክ) ሴቶች ከአምስት አንዷ ገደማ ትይዘዋለች። ይህ ለውጥ የጡት ካንሰርን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ይበልጥ የሚቀንሰው ደግሞ የኤስትሮጅን ተቀባይ የሌለውን ዓይነት ነው። እንግዲህ ደማቸው ፈረደባቸው ለሚለው ሰው፣ እዚያው ደም ውስጥ ጋሻም አለ።

የራሳችንን ነገር ላንሳ። አሜሪካ ውስጥ ቅጽ ስንሞላ «ጥቁር» የምትለዋ ሳጥን ላይ ነው ምልክት የምናደርገው። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከኢትዮጵያና ከጋና የተወሰዱ ናሙናዎችን ከአሜሪካኖቹ ጋር አነጻጸረ። የጋናዎቹ ከግማሽ በላይ ትሪፕል ኔጌቲቭ ነበሩ። የኢትዮጵያውያኑ 15 ከመቶ ገደማ፣ ከነጭ አሜሪካውያኑ ጋር እኩል። ሳጥኗ አንድ፣ ካንሰሩ ሌላ። ስለዚህ ከሂስፓኒክ ሴቶች ተነስቶ ለሐበሻ ሴት ምክር መስጠት በየትኛውም አቅጣጫ ልክ አይመጣም። የአንዷን ካንሰር የሚያውቀው የራሷ ናሙና ነው።

እሺ፣ በደምም ይሁን ብለን እንቀበል። ከዚያስ? ክፉ ካንሰር ከሆነ መፍጠን ነው እንጂ ቀስ ማለት ከየት መጣ? እሳቱ ትልቅ ነው ብሎ ውሃውን የሚያዘገይ ሰው አይቼ አላውቅም። የካንሰር ተመራማሪው የበርናርድ ፊሸር ቡድን በ1979 አይጦች ላይ ያየው ነገር አለ። ዋናው ዕጢ ተቆርጦ ሲወጣ ሌላ ቦታ የተደበቁት ሴሎች መከፋፈላቸውን ያፋጥናሉ። አይጥ ሰው አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን ቀዶ ሕክምናው አለቀ ማለት ካንሰሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ማለት እንዳልሆነ ለመረዳት ይበቃል።

አሁን ዋናው። ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚዘገዩት፣ ይፈራሉ፣ ቅጠላ ቅጠል ይጠጣሉ የሚለው።

አንዲት ሴትዮ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፣ አንዳንዱንም ነገር ቀይሬዋለሁ። ልብስ ስፌት የምትሠራ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች። «ሚሃ» ነው የምትለኝ፤ ልጄ እንደማለት ነው በነሱ ቋንቋ። ትሪፕል ኔጌቲቭ። መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የላብራቶሪው ውጤት የወጣው በ9ኛው ቀን። ወደ ካንሰር ሐኪሙ የሚልካት ወረቀት አንድ የፋክስ ማሽን ላይ ተኝቶ ከረመና ቀጠሮዋ 23ኛው ቀን ላይ ወደቀ። መጣች። አስተርጓሚው አልመጣም። የ13 ዓመት ልጇ አብራት ነበረች፣ «እኔ እተረጉማለሁ» አለች። ሐኪሙ እምቢ አለ። ልክ ነው፤ ከድንገተኛ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ በሕግም ክልክል ነው፣ እናትሽ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ልትሞትም ትችላለች የሚለውን ልጅ አፍ ውስጥ ማስገባትም ነውር ነው። 30ኛው ቀን ተመልሳ መጥታ ፈረመች። ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ ታዘዘ፣ ከኬሞዎቹ አንዱ፣ ቀዩ መድኃኒት፣ ልብ ስለሚነካ። ኢንሹራንሱ ለዚያ ፈቃድ ለመስጠት 12 ቀን ፈጀበት። አልትራሳውንዱ 46ኛው ቀን ተነሳ። ደረቷ ላይ ፖርት (ኬሞው ወደ ደም ሥር የሚገባበት ትንሽ ዕቃ) የተቀበረላት በ51ኛው። የመጀመሪያውን ኬሞ የሰጠኋት በ57ኛው ቀን ነው።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ አንድም ቀጠሮ አላሳለፈችም። ሁለት አውቶቡስ እየቀየረች፣ ደመወዟ እየተቆረጠ። የባህል መድኃኒት ካላችሁ፣ ቴርሞሷ ውስጥ የማንሳኒያ ሻይ ነበር፤ ካሞማይል ነው። እኛስ ጠበሉን እየጠጣን ቀጠሯችን እንሄድ የለም?

ፈሪ የለም አልልም። አለ። የምትጠፋም አለች። አለቃዋ እንዳያባርራት በሽታዋን የምትደብቅ አውቃለሁ፤ ለሕክምና ያለ ደመወዝ እረፍት የሚሰጠው ሕግ ከ50 ሠራተኛ በታች ያለውን ቀጣሪ አይመለከትም። ወረቀት ስለሌላት ሆስፒታል ስሟን ማስመዝገብ የምትፈራ አለች። አገሪቱ ላይ ኢንሹራንስ የሌለው ሂስፓኒክ ድርሻ ከነጮቹ በእጥፍ ይበልጣል። በ2000 የወጣ ሕግ በመንግሥት የምርመራ ፕሮግራም በኩል የጡት ካንሰር የተገኘባቸውን ኢንሹራንስ የሌላቸው ሴቶች ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ እንዲገቡ ይፈቅዳል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን መኖሩን የምታውቅ ሴት ጥቂት ናት፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላትንም በአብዛኛው አይሸፍንም። ይህን ሁሉ «ባህል» ብሎ ጠቅልሎ ማለፍ ቀላል ነው። ባህሏን ወቅሰሽ ፋክሱን ማየት አያስፈልግሽም።

ኬሞ ቀድሞ ስለሚሰጥ ክርክሩ አልፎበታል ለሚለው፣ ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ ዕጢው ከፍ ያለ ወይም ብብት የደረሰ ትሪፕል ኔጌቲቭ ሲሆን ኬሞው ከኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ ከሚያነሳሳ መድኃኒት) ጋር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሰጣል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን ኢሚዩኖቴራፒ ለዚህ የፈቀደው ሐምሌ 2021 ነው። ኪይኖት-522 የተባለው ሙከራ ላይ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት መድኃኒቱ የተጨመረላቸው 86.6 ከመቶ፣ ያልተጨመረላቸው 81.7 ከመቶ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰዓቱን አላስቆመውም። መቁጠር የሚጀምርበትን ቦታ ከቀዶ ሕክምናው ወደ ናሙናው ቀን አዛወረው እንጂ። ኤም ዲ አንደርሰን ያንንም አይቶታል፤ በ2020 ያወጡት ጥናት ላይ ከምርመራ በኋላ ኬሞ ለመጀመር ከ60 ቀን በላይ የፈጀባቸው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሏል። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ቀዶ ሕክምና የሚቀድምላቸው ሴቶችም ዛሬም አሉ። ስፌተኛዋም አንዷ ነበረች።

ጸሐፊው እዚህ ጋ ከ1988 ጀምሮ የተደረገውን ቢ-18 የተባለ ሙከራ ያመጣሉ። ኬሞ ቀደመ ወይም ተከተለ፣ የመኖር ዕድሉ እኩል ሆነ ይላሉ። አዎ፣ እኩል ሆነ። እሱ የፈተነው ቅደም ተከተሉን ነው። ወጡ ይቅደም ወይስ እንጀራው ብሎ መጠየቅና ምሳውን ለማታ ማቆየት ለየቅል ናቸው።

ሰውነት ይጠገን የሚለው ምክር የሚሠራበት ቦታ አለ። ቁስሉ ያመረቀዘ ከሆነ ኬሞ አይሰጥም፤ ነጭ የደም ሴሏን አውርደን ኢንፌክሽን ላይ ልንጥላት አንችልም። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሰውነት ይደርሳል። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ወጣት እንቁላሏን ለማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ብትጠይቅ ሁለቱ ሳምንት ይገባታል። ሁለተኛ ሐኪም ማማከርም እንዲሁ። እነዚህ ታካሚዋ አውቃ የምታወጣቸው ቀናት ናቸው። እኔ የምጣላው ማንም ሳያውቀው ከሚያልቀው ቀን ጋር ነው። ፋክስ ላይ ከሚያድረው።

ያ ቀን ደግሞ ይመለሳል። ኒው ዮርክ ያለው ሀርለም ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን በ1990 አንድ ቀላል ነገር ጀመሩ። ታማሚዋን ከምርመራ እስከ ሕክምና የሚከተል፣ ስልክ የሚደውል፣ ወረቀት የሚያሯሩጥ ሰው መደቡ። ከምርመራ ፕሮግራሙ ጋር ተደምሮ፣ የጡት ካንሰር ታማሚዎቻቸው ለአምስት ዓመት የመኖር ዕድል ከ39 ወደ 70 ከመቶ ወጣ። የሴቶቹ ደም ያው ነበር።

እኛም ጋ ከስፌተኛዋ በኋላ ትንሽ ነገር ተቀይሯል። የልብ አልትራሳውንዱን ፈቃድ የምንጠይቀው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። አስተርጓሚው ካልመጣ በቪዲዮ እንጠራለን፤ ቀጠሮ አንሰርዝም። ባለፈው ወር አንዲት ሴትዮ ቀዶ ሕክምና በተደረገላት በ26ኛው ቀን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተቆጣችኝ።

«የልጅ ልጄ ኪንሴ ሳያልፍ ፀጉሬን ልታረግፉብኝ ነው!» ኪንሴ የሴት ልጅ የ15ኛ ዓመት ልደት ድግስ ነው፣ እነሱ ዘንድ ከሠርግ አያንስም።

«ድግሱ መቼ ነው?» አልኳት።

«ከዘጠኝ ቀን በኋላ።»

ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ መርገፍ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ኬሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በጣቴ ቆጠርኩላት። እሷም በጣቷ ደግማ ቆጠረች፣ አላመነችኝም። ከዚያ የሸሚዟን የላይኛውን ቁልፍ ፈታችልኝ። ፖርቱ ያለው እዚያ ነው።